ብቅ ባይ የፊት መብራት አልነሳ ሲል፦ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁን አቅርቡ

አንዱ መብራት ተነስቶ ሌላው ተኝቶ ሲቀር መኪናው ሰው የሚጠቅስ ይመስላል። ቀን ቀን ያስቃል። ማታ ግን የመንገዱን ግማሽ ብቻ እያዩ መንዳት ነው። ቨርጂኒያ ላላችሁ ደግሞ የየዓመቱ የመኪና ፍተሻ ላይ የፊት መብራት ስለሚታይ "ዛሬ ነገ" እያሉ የሚያሳድሩት ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስልኩን አውጥቶ መብራቱን የሚያነሳውን ትንሽ ሞተር ማፈላለግ ይጀምራል። ቆይ በሉ። ጥፋቱ ፊውዝ፣ የዛገ ሶኬት፣ የደረቀ ግሪስ ወይም የተፈረካከሰች አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ደግሞ መብራቱ ሲታዘዝ የሚያሰማው ድምፅ ብዙውን ይነግራችኋል።

የተደበቀ መብራት የቆየ ነገር ነው። በ1936 ሞዴል የወጣው የአሜሪካው ኮርድ 810 ሹፌሩ ዳሽቦርድ ላይ ያሉ እጀታዎችን በእጁ እየዘወረ ነበር መብራቶቹን የሚያወጣቸው። የመጨረሻዎቹ በ2004 የቆሙት ኮርቬት ሲ5 እና ሎተስ ኢስፕሪት ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ሞተር ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ውስጡ ያለው ፕላስቲክና ግሪስም ዕድሜው ያው ነው።

እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ማዝዳ ሚያታ ነው፣ ከ1990 እስከ 1997 ስላለው ሞዴል። ድምፁ የተለየ ስለሆነ የጂኤሞቹን (የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች) ኮርቬትና ፖንቲያክ ፋየርበርድንም አነሳለሁ። ሌላ መኪና ከሆነ ብሎኑ ቦታ ይቀይር ይሆናል እንጂ አካሄዱ ይቀራረባል።

መጀመሪያ ጣታችሁን አድኑ

ይህ ሞተር ብረት የሚያነሳ ነው፣ ጣት አይለይም። እጃችሁን ወደ ማንሻው ከማስገባታችሁ በፊት የማንሻውን ሞተር ፊውዝ ንቀሉ ወይም የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሚያታ ላይ ባትሪውን ኮፈን ስር ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ፊውዙ ግን ኮፈን ስር ባለው ዋና ሳጥን ውስጥ አለ፤ ባለ 30 አምፔር ነው፣ ክዳኑ ላይ "ሪትራክተር" ይላል።

አሁን መብራቱን በእጅ አንሱት። ሞተሩ አናት ላይ ትንሽ የጎማ ቆብ አለች። እሷን ስታነሱ በጣት የሚዞር ክብ እጀታ ታገኛላችሁ። መብራቱ እስኪቆም ድረስ እሱን አዙሩ። አንድ ሁለት ዙር ብላችሁ አትተዉት፣ ብዙ ዙር ነው፣ መብራቱም በጣም በዝግታ ነው የሚነሳው። ማታ መንገድ ላይ ከተያዛችሁም ቤት የሚያደርሳችሁ ይኸው ዘዴ ነው፤ ፊውዙን ነቅሎ፣ በእጅ አንስቶ፣ ፊውዙን ሳይመልሱ መንዳት። ብርሃኑ በሌላ ፊውዝ ስለሚሄድ ይበራል።

እጀታው ሲዞር ከከበዳችሁ አታስገድዱት። ችግሩ ከሞተሩ ውጭ፣ ማንሻው ላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አዳምጡ

ፊውዙን መልሱና አንድ ሰው ቁልፉን እንዲጫን አድርጉ። ሚያታ ላይ መብራቱን ሳያበሩ ብቻውን የሚያነሳ ቁልፍ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ አለ። እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ እጃችሁን አርቃችሁ ስሙ።

ሁለቱም ዝም ካሉ ሞተሩን እርሱት። ሁለት ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም። ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚለቅና የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ቀጥሎ ቁልፉን እዩ። የተቃጠለ ፊውዝ ካገኛችሁ በዚያው ቁጥር ቀይሩት፤ "እንዳይቃጠልብኝ" ብሎ ከፍ ያለ አምፔር መክተት ገመድ ማቃጠል ነው። እንደገና ከተቃጠለ የተቆላለፈ ማንሻ ወይም የተላጠ ገመድ አለ ማለት ነው።

አንዱ ብቻ ዝም ካለ፣ ሌላኛው ስለሠራ ፊውዙ ደህና ነው። የዝምተኛውን ሶኬት ፍቱትና ውስጡን እዩ። አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ከያዘ በኮንታክት ማጽጃ እጠቡት። ከዚያ ቴስተር አምጡ፣ ሰው ቁልፉን እየተጫነ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት አካባቢ መድረሱን ለኩ። ኤሌክትሪኩ እየደረሰ፣ ማሳውም (የኔጌቲቭ ገመዱ) ከቦዲው ጋር በደንብ ተያይዞ እያለ ሞተሩ ካልተነቃነቀ፣ አዎ፣ አሁን ሞተሩ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መብራቱ ካልተነሳ ሞተሩ በሕይወት አለ፣ ማርሹ ነው የከዳው። ይህ የጂኤሞቹ ዋና በሽታ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መብራቱ አልቆም ብሎ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ከሆነ ሞተሩ የት መቆም እንዳለበት አላወቀም። ሚያታ ሞተር ውስጥ "ላይ ደርሰሃል፣ ታች ደርሰሃል" የሚሉ የመዳብ መነካኪያዎች አሉ፤ ሲቆሽሹ ወይም ሲያልቁ እንዲህ ያደርጋል። ሪሌም ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሪሌው ርካሽ ስለሆነ ከእሱ ጀምሩ።

ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ደርቋል። ማንሻው የሚታጠፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ አጽዱና ግሪስ ቀቡ፣ ማሳውን አጥብቁ፣ ከዚያ እንደገና ሞክሩ። ብዙው ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያልቅለታል።

ሞተሩን ማውረድ

መብራቱ በእጅ ተነስቶ ይቁም፣ ፊውዙ ይነቀል። የመብራቱን ዙሪያ የያዘውን ፕላስቲክ ካወጣችሁ እጅ የሚገባበት ቦታ ታገኛላችሁ።

አንድ ፎቶ አንሱ። ከምሬ ነው። የክንዱ አቀማመጥ ከሰዓታት በኋላ ሲገጥሙት ትዝ አይልም።

ከሞተሩ ዘንግ ላይ የተሰካ አጭር ክንድ አለ፣ ከክንዱ ደግሞ መብራቱን የሚገፋ ቀጭን ብረት ይነሳል። ቀጭኑ ብረት ጫፉ ላይ ፕላስቲክ ቆብ ኖሮት ኳስ ራስ ላይ ቁጭ ያለ ነው፤ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት። ያረጀ ፕላስቲክ ስለሆነ አትቸኩሉ፣ ብርድ ቀን ከሆነ ቀድማችሁ በፀጉር ማድረቂያ ብታሞቁት ይሻላል። ክንዱንና ዘንጉን በሚያገናኝ ቦታ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ ሶኬቱን ፍቱ፣ ሞተሩን የያዙትን ብሎኖች አውጡ፣ በቃ በእጃችሁ ነው። ብሎኖቹ ከዛጉ በዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ እደሩ፣ ተሰብሮ የሚቀር ብሎን ቀናችሁን ይበላዋል።

ውስጡን መክፈት

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታያችሁ እንደ ደረቀ ሙጫ የጠነከረ ቡናማ ግሪስ ነው። ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡት። ቤንዚን አትጠቀሙ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይበላል፤ ጨርቅና ለኮንታክት የተሠራ ማጽጃ ይበቃል። የመዳብ መነካኪያዎቹን በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ እሹ፣ ልሳኖቻቸው ከተጋደሙ በጥንቃቄ ወደ ላይ ቀና አድርጓቸው። የካርቦን ብሩሾቹ አልቀው ከሆነ በልካቸው የሚገኝ ከሆነ ቀይሩ፣ ካልሆነ እውነትም ሌላ ሞተር ያስፈልጋል። አዲሱን ግሪስ ማርሹ ላይ በደንብ፣ መዳቡ ላይ ግን ስስ አድርጉ።

ወደ ጂኤሞቹ እንምጣ። ከ80ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት የእነሱ ሞተሮች የመቆሚያ ቦታቸውን በመዳብ አያውቁትም። መብራቱ መጨረሻው ጋ ደርሶ ሲጋጭ ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከፍ ይላል፣ መቆጣጠሪያው ያንን አይቶ ያጠፋዋል። በሌላ አነጋገር መብራቱ በተነሳና በወረደ ቁጥር ማርሹ አንድ ምት ይቀበላል፣ ያውም ሁልጊዜ እነዚያው ጥርሶች ላይ። ከ1987 እስከ 1992 ባለው ፋየርበርድ ያንን ምት እንዲውጡ ማርሹ ውስጥ ትንንሽ ፕላስቲክ ቦኮላዎች (ድቡልቡል ቁራጮች) ተቀምጠዋል፤ ስትከፍቱት ቦኮላ የሚባል ነገር የለም፣ ፍርፋሪ ነው የሚራገፈው። ኮርቬት ሲ5 ላይ ደግሞ የፕላስቲኩ ማርሽ ጥርስ ራሱ ይላጫል። ሁለቱም የሚቀየሩት ለብቻቸው ነው፣ ቦኮላውም ማርሹም ይሸጣል፣ ሙሉ ሞተር መግዛት ብርን መበተን ነው።

ለሲ5 የነሐስ ማርሽ አለ፣ ሰውም ያወድሰዋል። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ነሐስ አይላጭም፣ እውነት ነው። ነገር ግን መብራቱ በበረዶ ተጣብቆ ሳለ ቁልፉን ብትጫኑ፣ ፕላስቲክ ቢሆን የሚሰበረው ማርሹ ነበር፤ ነሐስ ከሆነ ጉልበቱ ወደ ማንሻው ይሄዳል። መኪናዋን ክረምት የማታወጧት ከሆነ ነሐሱን ግጠሙ። በበረዶ የምትነዷት ከሆነ ግን አዲስ ፕላስቲክ ማርሽ ብዙ ዓመት ያገለግላችኋል።

መግጠም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያታ ሞተር በየትዕዛዙ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል። በዘፈቀደ ገጥማችሁ ብታገናኙት መብራቱ "ውረድ" ሲባል ይነሳል። ስለዚህ ሞተሩን በብሎኑ እሰሩ፣ ሶኬቱን ስኩ፣ ቀጭኑን ብረት ግን ገና አታገናኙ። ፊውዙን መልሳችሁ ቁልፉን "ታች" ላይ አድርጉና ሞተሩ ብቻውን ዞሮ ማረፊያው ላይ ይቁም። ፊውዙን እንደገና ንቀሉ። ክንዱ ያሰመራችሁት መስመርና ፎቶው ላይ እንዳለው ከሆነ መብራቱን በእጅ አውርዳችሁ ኳሱን ጠቅ አድርጉት።

ኮፈኑ ክፍት እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱ፣ አውርዱ። ከዚያ ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉና የመብራቱ ክዳን ከቦዲው ጋር እኩል መሆኑን በጣት ዳብሱ፤ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ማቆሚያው ብሎን ይስተካከላል። ማታ ደግሞ ግድግዳ ፊት 7.5 ሜትር ያህል ርቃችሁ ሁለቱ ብርሃኖች እኩል ቁመት ላይ መውደቃቸውን እዩ።

ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ከሆነ

የግራና የቀኙን ለይታችሁ ጠይቁ። ሶኬቱ ከነ አንድ ስንዝር ገመዱ እንዲቆረጥላችሁ ለሻጩ ንገሩት፣ የእናንተው ሶኬት ዝጎ ከተገኘ ይጠቅማችኋል። ክንዱንም አብሮ ይስጣችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት በእጀታው አዙሩት፤ እየተንገጫገጨ ወይም ባዶውን የሚዞር ከሆነ መልሱለት።

ብርዱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የክዳኑን ዳር ዳር ያለውን ጎማ በሲሊኮን ቅቡት። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል በተባለበት ሌሊት መብራቶቹን በዚያችው የዳሽቦርድ ቁልፍ አንስታችሁ እደሩ። ጠዋት ተጣብቆ ካገኛችሁት በእጅ ካላቀቃችሁ በኋላ ነው ቁልፉን መንካት፤ የፈላ ውሃ አታፍሱበት፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።