የሕፃን ጭንቅላት በአንድ ጎን ሲጠፈጠፍ ምን ይደረጋል? ሄልሜትስ መቼ ያስፈልጋል?

ሕፃናትን በጀርባቸው ማስተኛት ድንገተኛ የጨቅላ ሞትን በእጅጉ ቀንሷል። በአሜሪካ ምክሩ እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣ በኋላ ግን ጭንቅላታቸው ከኋላ ወይም በአንድ ጎን የሚጠፈጠፍ ሕፃናት በዝተዋል። ይህን ፈርታችሁ ልጁን በሆዱ እንዳታስተኙት። መጠፍጠፉ መልክን ይነካል እንጂ አንጎል እንዳያድግ አያግድም፤ ብዙውን ጊዜም ቤት ውስጥ ይስተካከላል።

መጀመሪያ በደንብ እዩት። ልጁ ታጥቦ ጸጉሩ እርጥብ ሳለ ከአናቱ በላይ ሆናችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። በተጠፈጠፈው ጎን ያለው ጆሮ ወደ ፊት ገፋ ካለና በዚያው ጎን ግንባሩ ትንሽ ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አተኛኘቱ ነው። ጆሮው ወደ ኋላ ከተሳበ፣ በአጥንቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ጠጣር ሸንተረር በእጃችሁ ከዳሰሳችሁ ወይም የጭንቅላቱ ዙሪያ ማደግ ካቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የራስ ቅሉ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ገጥመው ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የጭንቅላቱ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንትም እንደዚሁ። ጥርጣሬ ካለ ሪፈር አጽፉ። መሃል አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሐኪሞች አሏቸው።

ቀጥሎ አልጋውን ተመልከቱ። በጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋ የሚቀመጠው ግድግዳ ተጠግቶ ነው። ልጁ ከግድግዳው ዞሮ ሁልጊዜ ወደ እናቱ፣ ወደ በሩና ወደ መብራቱ ያያል፤ የተኛበት ጎንም እየተጠፈጠፈ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዛሬ ራስጌ በነበረው በኩል ነገ እግሩን አድርጉት። ጡት ወይም ጡጦ ስትሰጡም ልጁን የምትይዙበትን ክንድ አፈራርቁ። መሃሉ የተቦረቦረ የሕፃን ትራስ አትግዙ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉ ትራሶች ለመታፈን አደጋ እንደሚያጋልጡ አስጠንቅቋል። አያቶች በፍቅር ቅቤ እየቀቡ ጭንቅላቱን በእጃቸው ሊያቃኑት ሲሞክሩም በአክብሮት አስቁሟቸው፤ መጫን ቅርጹን አያስተካክልም።

ልጁ ንቁ ሆኖ እናንተም አጠገቡ ስትሆኑ በሆዱ አስተኙት። ምንጣፍ ላይ ጋቢ አንጥፋችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ገና መዳህ ላልጀመሩ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይመክራል፤ እዚያ የሚደረሰው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ፊት ለፊቱ ተኝታችሁ አነጋግሩት። አንገቱ ሲጠና ደግሞ እዘሉት። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ፍራሽ አይነካም፤ እናቶቻችን ያቆዩልንን ይህን ልማድ ለጋሪ ብለን መተው የለብንም።

ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚዞር ልጅ የአንገቱ ጡንቻ አጥሮ ሊሆን ስለሚችል ፊዚዮቴራፒስት ይየው። ይህ ችላ ከተባለ የአልጋው ለውጥ ብዙም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ለሁለት ወር ያህል ተደርጎ ጭንቅላቱ አሁንም በጣም ከተዛባ ስለ ሄልሜት (የጭንቅላትን ቅርጽ ለማስተካከል ልጁ ስለሚያደርገው ጠንካራ ቆብ) ሐኪም ማነጋገር ተገቢ ነው። ሄልሜቱ ጭንቅላትን አይጨምቅም። የወጣውን ክፍል ይዞ በተጠፈጠፈው በኩል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ጭንቅላቱ ሲያድግ ወደዚያ ይሞላል። ስለዚህ የሚረዳው ፈጣን እድገት እያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ይጀመራል፣ ከ12 ወር በኋላ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። በቀን 23 ሰዓት፣ ለወራት ይደረጋል። ልጁ በሚታጠብባት በቀረችው አንድ ሰዓት ሄልሜቱን በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ የልጁንም ቆዳ በደንብ እዩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የማይጠፋ ቅላት ካያችሁ መልሳችሁ ሳታደርጉት ወደ ሠራው ባለሙያ ውሰዱት።

ብድር ከመበደራችሁ በፊት ይህን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በኔዘርላንድስ የተካሄደ ጥናት መካከለኛና ከባድ መጠፍጠፍ ያለባቸውን 84 ሕፃናት ተከታትሎ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሄልሜት ካደረጉት 26 በመቶ፣ ካላደረጉት 23 በመቶ ሙሉ በሙሉ እንደተስተካከሉ አግኝቷል። እጅግ የከፉትን ጥናቱ አላካተተም፤ ለእነርሱ ብዙ ሐኪሞች ሄልሜትን ይመክራሉ። ቀላል ለሆነው ግን የቤተሰብ ጥሪት ማፍሰስ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

«ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልን ይምጣ» የሚለውም አያዋጣም። ሄልሜት በልጁ ጭንቅላት ልክ የሚሠራ ነው፤ ጭንቅላቱ ሲያድግም በየጥቂት ሳምንቱ ውስጡ እየተሞረደ ይሰፋል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን ክትትል እዚሁ የሚያደርግላችሁ ባለሙያ ማን እንደሆነ በስም አረጋግጡ።