ነጠላ ሰረዝ ወይስ ድርብ ሰረዝ? ግሱን ይዩ

ብዙ ሰው ነጠላ ሰረዝ (፣) የሚያስገባው ሲያነብ ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ላይ ነው። ትንፋሽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የግሱ ቅርጽ ግን ያው ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ያለውን ግስ ይዩ።

ግሱ ቦዝ አንቀጽ ከሆነ፣ ማለትም ሐሳቡን ሳይቋጭ ካንጠለጠለው፣ ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል፦ «ቡናውን አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ አፈላች።» ከዋናው ግስ ጋር የተጠጋው «ወቅጣ» ምልክት አላስፈለገውም፤ «ሮጦ መጣ»ም እንደዚሁ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ ከሆነ ግን ዐረፍተ ነገሩ ሞልቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የቅርብ ዘመዱ ሲሆን ድርብ ሰረዝ (፤)፣ ሌላ ጉዳይ ሲሆን አራት ነጥብ ይግባ፦ «ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ወንዙ ግን አልሞላም።» እዚህ ነጠላ ሰረዝ ካስገቡ አንባቢው ግሱ ላይ ደርሶ «አለቀ» ሲል ምልክቱ «ገና ነው» ይለዋል።

በዝርዝር ውስጥ «ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ» ይጻፋል። «ና» ራሷ አያያዥ ስለሆነች ነጠላ ሰረዝ አትጨመርላትም። ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ሲገባ ድርብ ሰረዝ ትልልቁን ክፍል ይለያል፦ «ከሁመራ ሰሊጥና ማሽላ፤ ከጅማ ቡና፣ በቆሎና ማር፤ ከሐረር ኦቾሎኒ ተጫነ።» ዝርዝሩን ለማስተዋወቅ ግን ድርብ ሰረዝ አይሆንም፤ ቦታው የ«፦» ነው።

ከእንግሊዝኛ ተሻግሮ የመጣው ልማድ ሌላው ጣጣ ነው። እንግሊዝኛ «ይሁን እንጂ» ከሚለው ቃሉ ቀጥሎ ኮማ ይፈልጋል። በአማርኛ «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» ከኋላቸው ምንም አያሻቸውም፤ ምልክቱ የሚገባው ከእነሱ በፊት ነው። «ነገ እመጣለሁ» አለ ስንልም ትምህርተ ጥቅሱ ስለሚበቃ ከ«አለ» በፊት ነጠላ ሰረዝ ትርፍ ነው።

በጥሪ ላይ ግን አይዝለሉት። «አልማዝ እህቴ መጣች» ካሉ የመጣችው አልማዝ ናት። «አልማዝ፣ እህቴ መጣች» ካሉ አልማዝ ወሬውን ሰሚ ሆነች።

ስትተይቡ ከምልክቱ በፊት ክፍት ቦታ አትተዉ፤ ከኋላው አንድ ይበቃል። ከፊት ከተተወ መስመሩ ሲሞላ ምልክቱ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ራስ ይወርዳል። አራት ነጥብንም ሁለት ጊዜ «፡» በመምታት አትሥሩት፤ ለዓይን ቢመሳሰልም ኮምፒውተሩ ሁለት ፊደል አድርጎ ስለሚቆጥረው «።»ን ስትፈልጉ አያገኘውም። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደልና ምልክት በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት፣ የ«።» ቁጥር U+1362፣ የ«፣» U+1363፣ የ«፤» U+1364 ነው።

የተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ የገባውን የእንግሊዝኛ ኮማ በአንድ ጊዜ ለመቀየር ኮማውን ብቻውን አትፈልጉ፤ «1,500» ወደ «1፣500» ይበላሻል። ኮማውን ከተከታዩ ክፍት ቦታ ጋር አድርጋችሁ ፈልጉና «፣»ንም ከክፍት ቦታ ጋር ተኩ፤ የቁጥሩ ኮማ ክፍት ቦታ ስለማይከተለው ሳይነካ ይቀራል።