ዳገት የሚያስጨንቀው የጂኤምሲ ሞተርሆም፦ የዲፈረንሻል ምጣኔ ምርጫ፣ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ ጂኤምሲ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 የሠራውን ባለ ስድስት ጎማ ሞተርሆም ለያዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የዘይት መጠን፣ የጎማ ንፋስና የእሳት አሰጣጥ አስቀድመው እንደታዩ እቆጥራለሁ። መኪናውን የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከፊት በኩል ተያይዘው የታሰሩ ናቸው። ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ የመጣው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 425 ካምቢዮ ሦስት ማርሽ ብቻ አለው፤ ምጣኔያቸውም 2.48፣ 1.48 እና 1.00 ነው። ከፋብሪካ የወጣበት የተለመደው የዲፈረንሻል ምጣኔ (ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዙር ብዛት) 3.07 ሲሆን፣ ባለቤቶች በምትኩ 3.21፣ 3.42፣ 3.55 ወይም 3.70 ያስገባሉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለዳገት የሚሆነው ጉልበት ይጨምራል፤ ሞተሩም በዚያው ፍጥነት የበለጠ ይዞራል።

ምልክት፦ ረጅም ዳገት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መካከል ይመላለሳል

ከሚመጡልኝ አቤቱታዎች አብዛኛው ይኸው ነው። አሽከርካሪው በሰዓት 55 ማይል እየሄደ ዳገት ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ሲወርድበት ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ካምቢዮው ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። መኪናው ሲበረታ እግሩን ያላላል፤ ካምቢዮው ሦስተኛ ይይዛል፤ ፍጥነቱም እንደገና ይወርዳል። የዚህ ካምቢዮ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ዙር በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) የሚቆለፍበት ዘዴ ስለሌለው፣ እንዲህ እየተጨነቀ በሄደ ቁጥር መንሸራተቱ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። የዘይቱ ሙቀት ከ250 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ ዘይቱም በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖችም በፍጥነት ይቃጠላሉ። ስለዚህ የካምቢዮ ሙቀት መለኪያ ሳያስገቡ ተራራ አይውጡ።

መንስኤው በስሌት ይገኛል። 12,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና 6 በመቶ ዳገት ላይ ሲሆን ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 720 ፓውንድ ነው። ጎማው 29.3 ኢንች ከፍታ ካለው፣ ይህን ብቻ ለመቋቋም በጎማዎቹ ላይ 880 ፓውንድ ጫማ (የማዞሪያ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። በሦስተኛ ማርሽ ይህን ለማግኘት ሞተሩ በ3.07 ዲፈረንሻል 287፣ በ3.42 ዲፈረንሻል 257፣ በ3.70 ዲፈረንሻል ደግሞ 238 ፓውንድ ጫማ ማውጣት አለበት፤ ነፋሱ፣ የጎማው መንከባለልና በጥርሶቹ መካከል የሚባክነው ኃይል ገና አልተደመሩም። በዚህ ላይ እንደዚህኛው አየር የሚገፋ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ከዴንቨር በአይ 70 አውራ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው 11,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ የሞተሩ ጉልበት ሲሶው የለም።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሻጮች አይነግሩዎትም። እንዲህ ባለ ከፍታ 6 እና 7 በመቶ ዳገትን ከተጠቀሱት ምጣኔዎች አንዱም በሦስተኛ ማርሽ ሊያስወጣ አይችልም። ያ ዳገት የሁለተኛ ማርሽ ነው። የዲፈረንሻል ለውጥ ጥቅሙ የሚታየው 3 እና 4 በመቶ በሆነው፣ ብዙውን የተራራ መንገድ በያዘው መለስተኛ ዳገት ላይ ነው፤ እዚያ 3.07 እየተንፈራገጠ የሚሄደውን 3.42 ወይም 3.55 ማርሽ ሳይቀንስ ይወጣዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ዳገቱ ሳይጀምር የማርሽ መምረጫውን ወደ ሁለተኛ ያውርዱና እዚያው ይተዉት። በ55 ማይል ፍጥነት ሞተሩ በ3.07 ዲፈረንሻል 2,870፣ በ3.42 ዲፈረንሻል 3,190፣ በ3.70 ዲፈረንሻል 3,450 ጊዜ ያህል በደቂቃ ይዞራል። ጩኸቱ ያስደነግጣል እንጂ ጤነኛ ሞተር ይህን ይችለዋል፤ ለሞተሩ የሚከፋው በሦስተኛ ማርሽ ታፍኖ መጎተት ነው።

ሁለተኛው፣ ዲፈረንሻል ከመግዛትዎ በፊት የኳድራጄት ካርቡራቶሩ አራቱም ጉሮሮዎች መከፈታቸውን ሞተሩን አጥፍተው ያረጋግጡ። ሌላ ቦታ 3.70 አስገብቶ «አሁንም አይወጣም» ብሎ የመጣ ደንበኛ ነበረ። የቾኩ ማገጃ ምላስ ተጣብቆ የኋላዎቹን ሁለት ትልልቅ ጉሮሮዎች ዘግቷቸው ነበር፤ ሰውየው በግማሽ ካርቡራቶር ተራራ ሲወጣ ኖሯል። ምላሱ ታጥቦ ሲላቀቅ መኪናው በረረ፤ ባለቤቱ ግን በሜዳ ላይ የማይፈልገውን የሞተር ጩኸት በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ቀረ። የሌላዋ ደንበኛ ችግር ደግሞ ከቤንዚን መስጫው ሥር የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ መስጫውን እስከ ወለሉ ስለማያስወርደው፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ የሚያወርደው የኤሌክትሪክ ማብሪያም አይነካም ነበር። ከኋላ ካሉት አራት ጎማዎች አንዱ ፍሬን ይዞት እንደሆነም ከጉዞ መልስ ከበሮዎቹን በእጅዎ ቀረብ ብለው ይመርምሩ፤ ሳይነኩ ሙቀቱ ይሰማዎታል፣ ከነኩ ይቃጠላሉ።

ይህ ሁሉ ጤነኛ ከሆነ ምርጫው ይቀልላል። በሜዳማ አገር ለሚጓዝና ከኋላ ምንም ለማይጎትት ሰው 3.07 ይበቃል፤ አይንኩት። ተራራ ለሚያዘወትር ወይም ትንሽ መኪና አስከትሎ ለሚሄድ 3.42 ወይም 3.55 ይስማማል፤ ከ1977 ወዲህ የገባው አነስተኛው ባለ 403 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለው ሰው ለውጡን የበለጠ ያየዋል። 3.70ን የምመክረው ከባድ ለሚጎትትና ከ60 ማይል በላይ ለማይቸኩል ሰው ብቻ ነው። በሦስተኛ ማርሽ የሞተሩን ዙር ለማወቅ ፍጥነቱን በማይል፣ በምጣኔውና በ336 ያባዙና ለጎማው ከፍታ በኢንች ያካፍሉ። በ29.3 ኢንች ጎማና በ65 ማይል ፍጥነት 3.07 ወደ 2,290፣ 3.42 ወደ 2,550፣ 3.70 ወደ 2,760 ይሰጣል፤ የኮንቨርተሩ መንሸራተት ጥቂት ይጨምርበታል።

የጎማ ነገር ከተነሳ፣ 225/75 አር 16 የነበረውን በ215/85 አር 16 የለወጠ ሰው 3.07 የነበረው ምጣኔው ሳያውቀው 2.96 ሆኗል። አስቀድመው ጎማውን ይለኩ፤ ስለ ዲፈረንሻል የሚነሳው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ምልክት፦ ከለውጡ በኋላ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፣ ማርሹም ቶሎ ይቀየራል

ካምቢዮው አልተበላሸም። የፍጥነት መቁጠሪያውም የማርሽ መቀየሪያ ጊዜውም የሚለኩት ከዲፈረንሻሉ በፊት ባለው ዙር ነው። 3.70 ያስገባ ሰው በእውነቱ 60 ማይል ሲሄድ መቁጠሪያው 72 ያሳየዋል። ማርሹም በዝቅተኛ ፍጥነት ይቀየራል፤ በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ዙር ግን እንደ ቀድሞው ነው። መፍትሄው ማስተካከያ ማርሽ ሳጥን በፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ ላይ ማስገባት ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ የነዳጅ ሒሳብ አይሥሩ። 3.70 ካስገባ በኋላ ነዳጅ እንደቆጠበለት የሚምል ደንበኛ አውቃለሁ፤ የቆጠበለት ግን በ100 ማይል ላይ 20 ማይል የሚጨምረው ቆጣሪ ነው።

ምልክት፦ አዲስ የገባው ዲፈረንሻል ያፏጫል

ፒኞኑና ኮሮናው (በዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚነካከሱት ትንሹና ትልቁ ጥርሳም ጎማ) የሚገናኙበት ቦታ ሳይታይ፣ የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ሳይለካ የተገጠመ ነው። ቀለም ቀብተው የጥርሶቹን ንክኪ የማያዩ፣ «ታድሷል» ብለው ግን ቀለም የሚቀቡ ሻጮች ትዕግሥቴን ጨርሰውታል። ዘይት በመጨመር አይድንም፤ ይውረድና በፋብሪካው መመሪያ ልክ ይስተካከል። የካምቢዮ ዘይት ከዲፈረንሻሉ ዘይት ጋር ከተቀላቀለም በመካከላቸው ያለው የዘይት ማገጃ ይቀየር።

ምልክት፦ ምጣኔው ስንት እንደሆነ አይታወቅም

ሀገር ቤት በአይሱዙ የለመደ እጅ የሚዞረውን ረጅም ዘንግ ፈልጎ ዙር ሊቆጥር ይጎነበሳል፤ እዚህ ግን የሚቆጠር ዘንግ የለም። በሜዳ ላይ በጂፒኤስ 60 ማይል ይዘው የሞተሩን ዙር ያንብቡና ከላይ ባለው ስሌት ያመዛዝኑ። ከአሮጌ የቤት መኪና የወጣ ዲፈረንሻል ሲገዙ ደግሞ የሻጩን ቃል ትተው ሽፋኑን ያስከፍቱ፤ የኮሮናውን ጥርሶች ቆጥረው ለፒኞኑ ጥርሶች ያካፍሉ። ሻጩ ሽፋኑን አልከፍትም ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።