በነጻ የድረ ገጽ መሣሪያዎች የዓሣ ቤት ሜኑ እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር ላይ «ዲዛይነር ነኝ» ካላችሁ የሚመጣላችሁ ሥራ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፤ የሠርግ ካርድ ወይም ሜኑ። የሠርግ ካርዱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ባለፈው ሰሞን ጣና ዳር ላለች አንዲት ዓሣ ቤት ሜኑ ሠርቼ ነበር፤ ምኑን በምን እንደሠራሁት ልንገራችሁ። የቤቷ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ትእዛዛቸው አንድ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ማታ ያለ መነጽር የሚነበብ ይሁን።»

በዶላር የሚከፈልበት ካርድ የለኝም። ላፕቶፔም አርጅቷል፤ ከበድ ያለ ሶፍትዌር ስከፍትበት ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ይጮሃል። ስለዚህ የምጠቀመው ብሮውዘር ላይ የሚከፈቱ ነጻ መሣሪያዎችን ነው። አንድን መሣሪያ ስመዝን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ድረ ገጹ ቢዘጋ ወይም ኔት ቢጠፋ ሥራዬ እጄ ላይ ይቀራል ወይ? ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጽሑፉን ጨርሱ

ዲዛይኑን ሳትነኩ የምግቡን ዝርዝር ስልካችሁ ላይ ወይም ጉግል ዶክስ ላይ ጻፉት። ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ዱለት፣ ለብለብ፣ ኮተሌት፣ ሾርባ፣ እስከ ውሃው ድረስ። የድሮ ሜኑ በፋይል ከሰጧችሁ ተጠንቀቁ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲንን ቦታ ተውሰው ነው አማርኛ የሚያሳዩት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ከገጠማችሁ አትድከሙ፣ እንደ አዲስ ጻፉት። ሃያ ደቂቃ ነው።

የጾም ምግቡን ለብቻው አስቀምጡት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሜኑ አይፈታውም። ስለዚህ ዓሣው በራሱ ርዕስ፣ ሽሮውና በያይነቱ በራሳቸው ርዕስ ይሁኑ፤ ደንበኛው ራሱ ይወስን።

ደረጃ 2፦ ፎንቱን በ«ቡና» እና በ«ቢራ» ፈትኑት

ጊዜዬን የበላው ይኼ ነው፤ እናንተም ብትቆዩበት አይቆጫችሁም። ጉግል ፎንትስ ላይ ገብታችሁ ከቋንቋው ምርጫ ኢትዮፒክ የሚለውን ስትመርጡ የኛን ፊደል የሚደግፉት ብቻ ይቀራሉ። ሁሉም በነጻ ይወርዳሉ፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳሉ። እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው። ከስስ እስከ ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደግሞ የብራና ጽሕፈት ለዛ አለው፤ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው።

ይኼ ለምን ያስጨንቃል? ወፍራም ቅርጽ የሌለውን ፎንት «ቦልድ» ስትሉት ብዙ ፕሮግራሞች ፊደሉን ዝም ብለው ያደነድኑታል። ላቲን ይህን ይችለዋል። የኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የተሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩአቸው። የካዕቡ ቅጥያ ቀኝ ጎኑ መሃል ላይ ናት፤ የሣልሱ እግሩ ሥር ናት። ፊደሉ ሲያንስና ሲደነድን ሁለቱም ጎናቸው ያበጠ ሳጥን ይሆናሉ። ሜኑ ላይ ደግሞ ቡናም ቢራም አለ!

ስለዚህ «ቡና ቢራ» ብላችሁ በ10፣ በ12 እና በ14 ነጥብ ጻፉና በተራ ወረቀት አትሙት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። 10 ላይ ተምታታባችሁ? 12 ተጠቀሙ። የእትዬ ሜኑ 14 ላይ ነው የረጋው። የመስመሩንም ክፍተት ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል ያህል አድርጉት፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ጠበብ ካለ ገጹ አጥር ይመስላል።

ደረጃ 3፦ ፎቶውን ራሳችሁ አንሱ

ነጻ ፎቶ የሚሰጡ ድረ ገጾች፣ አንስፕላሽም ፔክስልስም፣ ቆንጆ ናቸው። ግን «ዓሣ» ስትሉ ሳልመን ነው የሚያመጡላችሁ። የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ቀረሶን ከአምባዛ የሚለየው ገና ከሩቅ ነው። ሳልመን ለጥፋችሁ ጣና ዳር ብትቀመጡ ሳቅ ነው የሚተርፋችሁ።

ጠዋት፣ ሐይቁ ዳር ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሳህኑን በስልክ አንሱት። ፍላሽ አታብሩ። ለማስተካከል ፎቶፒያን ክፈቱ። በ2013 የወጣ፣ ኢቫን ኩትስኪር የሚባል አንድ ሰው የሠራው ነው፤ ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የፎቶሾፕ ፋይል ይከፍታል፣ ሌየር (ምስልን በድርብርብ መሥሪያ) አለው፣ ማስክ (የምስሉን ክፍል መሸፈኛ) አለው። ዋናው ነገር ግን ፎቶውን የሚያስተካክለው እናንተው ማሽን ላይ ነው፤ ወደ ሌላ አገር ሰርቨር አይልከውም። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔት ቢቆራረጥም ሥራው አይቆምም። ጎኑ ላይ ማስታወቂያ አለ፣ ቻሉት።

ጀርባውን ለመቁረጥ ብዙ ሰው ሪሙቭ ቢጂ የሚባለውን ድረ ገጽ ይጠቀማል። ፈጣን ነው። ነገር ግን በነጻ የሚሰጠው ምስል ሩብ ሜጋፒክስል ገደማ፣ ለምሳሌ 625 በ400 ፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ሲታተም አምስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለቴሌግራም ይበቃል፣ ለሜኑ ግን አይሆንም። ለኅትመቱ ፎቶፒያ ላይ በፔን ቱል (ዙሪያውን በመስመር እየተከተሉ መቁረጫ) በእጃችሁ ቁረጡት። የዓሣው ክንፍ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሎሚው ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ ገጹን አደራጁ

ካንቫ ወይስ ፊግማ? ሁለቱም ብሮውዘር ላይ ዲዛይን የሚሠራባቸው ናቸው። ለፌስቡክ ፖስተር ካንቫን የሚያህል የለም። ለሜኑ ግን አልተስማማኝም። አብነቶቹ የተሠሩት በላቲን ነው፤ ያማረውን ርዕስ ወደ አማርኛ ስትቀይሩት ፎንቱ ይሸሻችኋል፣ ውበቱም አብሮ ይሄዳል።

እኔ የሠራሁት በፊግማ ነው። በ2016 ለሕዝብ ተከፈተ። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቢ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ ስምምነቱ 2023 መጨረሻ ላይ ሲፈርስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። የጉግል ፎንቶች ውስጡ ስላሉ ኖቶን መጫን አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፊግማ የተሠራው ለስክሪን ነው። ኤ5 ገጽ ስትመርጡ 420 በ595 ነጥብ ይሰጣችኋል። በዚያው መጠን ምስል አድርጋችሁ ካወጣችሁት ደብዛዛ ነው። ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ምስል የግድ ከሆነም በአራት እጥፍ አውጡት፣ ወደ 300 ዲፒአይ ይጠጋል። ለመቁረጫ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፤ ገጹ 437 በ612 ይሆናል ማለት ነው።

የዋጋውን ዓምድ ሰፋ አድርጉት። ዋጋ መቀየሩ አይቀርም፤ ላዩ ላይ ትንሽ ስቲከር የሚለጠፍበት ቦታ ይኑር።

ደረጃ 5፦ ቀለሙን በዓይን ብቻ አትመኑ

እትዬ በሐይቁ ሰማያዊ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ ነበር ያማራቸው። ስክሪን ላይ ያምራል። ዌብኤይም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሁለቱን ቀለሞች ስታስገቡ የንፅፅሩን ልክ በቁጥር ይነግራችኋል። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት፤ የኛ 3 እንኳ አልሞላም። ሰማያዊውን አጠቆርነው፣ ወርቃማውን ለርዕስ ብቻ አስቀረነው፣ ምግቡ ነጭ ሆነ። ፊግማ ላይ ያማረ ቀለም ወረቀት ላይ እንደሚደበዝዝም አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ኪውአር ኮድ (እኔ የተሸወድኩበት)

ኪውአር ኮድ፣ ስልክ ሲያነበው አድራሻ የሚከፍተው ጥቁርና ነጭ ካሬ፣ በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ የሠራው ነው። አድራሻው ራሱ ጥቁርና ነጩ ውስጥ ይጻፋል፤ ስለዚህ በተፈጥሮው ጊዜው አያልፍበትም። ታዲያ እኔ ከዚህ በፊት ለሌላ ቤት ስሠራ «ነጻ» ከሚል አንድ ድረ ገጽ አወጣሁ። አርባ ሜኑ ታተመ፣ ላሚኔት ተደረገ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቱ ደወለ። «ወንድሜ፣ ኮዱ ዶላር ክፈሉ እያለ ነው!» ኮዱ ለካስ የሚወስደው ወደ እነሱ ሰርቨር ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ በሩን ዘጉት። አርባውንም በራሴ ወጪ አሳተምኩ።

እንግዲያው «ስታቲክ» የሚለውን፣ አድራሻው ኮዱ ውስጥ ራሱ የሚጻፍበትን፣ ብቻ ምረጡ። ከማሳተማችሁ በፊት በስልክ ስካን አድርጋችሁ የሚወጣውን አድራሻ አንብቡ። የራሳችሁ የቴሌግራም ቻናል ሊንክ ከሆነ ጥሩ፤ የማታውቁት አጭር አድራሻ ከሆነ ጣሉት። የስህተት መቻያውን ደረጃ ወደ ኪው ወይም ኤች ከፍ አድርጉት። ኤች ከሆነ 30 በመቶው ገደማ ቢበላሽም ይነበባል፤ የዓሣ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘይትም አዋዜም አይጠፋማ። ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ።

ደረጃ 7፦ ለቴሌግራም አቅልሉት

ስኩሽ የሚባለውን ምስል ማቅለያ ድረ ገጽ ክፈቱ። የጉግል ክሮም ልጆች በ2018 ያወጡት ነው፤ እሱም እንደ ፎቶፒያ እናንተው ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ምስሉን ጎትታችሁ ጣሉበት፣ ጥራቱን ወደ 75 አውርዱት፣ ግራና ቀኙን አወዳድሩ። በቃ።

ደረጃ 8፦ አንድ ብቻ አሳትሙ

ፒዲኤፉን በፍላሽ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ሂዱ፤ የወርድ ፋይል ይዛችሁ አትሂዱ፣ የነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንታችሁ ላይኖር ይችላል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ አሳትሙና ወደ ቤቱ ውሰዱት። የአማርኛ ፊደል ግድፈትን እነዚህ መሣሪያዎች አይዙላችሁም። ስለዚህ ባለቤቱ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት።

እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የወሰድኩት፤ ሐይቁ እየጠቆረ፣ አምፖሉ ገና እንደበራ። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና መነጽራቸውን ሳይፈልጉ ሜኑውን ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጉት። ጉላሽ፣ ጥብስ፣ ዱለት እያሉ እስከ ታች ወረዱ። መጨረሻው ላይ ቆም አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ቢራውን ከቡናው በላይ አወጣኸው? ቡናውን አስቀድመው።»