ዓሣው አየር ሲያጥረው፦ የድሬ ቤት አኳሪየም ችግርና መፍትሄ

ግንቦት ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ድሬ በሯን ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት። ጎረቤቴ በሬን ደበደበ። «አቦ ና እስቲ፣ ዓሦቼ ታመሙብኝ!»

ሄድኩ። አምስት ጎልድፊሾች ውሃው አናት ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እሱ መድኃኒት ሊገዛ ጫማውን አድርጓል። እኔ ጣቴን ውሃው ውስጥ ነከር አደረግኩ። ሕፃን ሊታጠብበት የተዘጋጀ ውሃ ይመስላል። ዓሦቹ አልታመሙም። አየር አጥሯቸዋል።

እኔ እስካየሁት ድረስ እዚህ ዓሣ ሲሞት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የውሃው ነው። ስለዚህ ከዓሣው በፊት ውሃውን እዩት።

ዓሦቹ አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ 7.5 ገደማ ይሆናል። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከዚያም ያንሳል። የባሰው ነገር፣ ዓሣው ሲሞቀው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል።

መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ። በጆግ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። አሥር ደቂቃ ያህል ይህን ስታደርጉ ዓሦቹ ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ። ከዚያ ትንሽ ቬንትሌተር ወደ ውሃው ገጽ አዙሩ። ውሃው ሲተን ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ካልበቃ፣ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዛችሁ እንደተከደነ አንሳፍፉት። አንድ በአንድ ግን። በሰዓት ከሁለት ዲግሪ በላይ ከወረደ ድንጋጤው ራሱ ይጎዳቸዋል።

አኳሪየሙን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁ። ፍሪጅ ላይም አታስቀምጡ።

ጎልድፊሽ ደግሞ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚመቸው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ከ1,800 ሜትር በላይ ላለችው ሐረር ይሁን። ለድሬ ጉፒና ሞሊ ይሻላሉ፤ 26 ዲግሪ ይመቻቸዋል፣ ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ውሃም ይወዳሉ።

መብራት ጠፋ

አትመግቧቸው። ጤነኛ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ምንም አይሆንም፤ የተረፈ ምግብ ግን በስብሶ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በየግማሽ ሰዓቱ ያንኑ የጆግ ሥራ ሥሩ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ግዙ። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ፣ ውሃ የሚያጣራውን ፊልተር ከማብራታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቁት። ውስጡ የታፈነው ውሃ ተበላሽቷልና።

ውሃ በቀየርኩ በማግስቱ ሞቱ

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ አኳሪየሜን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ፣ ጠጠሩን በላርጎ አሽቼ፣ ስፖንጁን ነጭ እስኪሆን አጥቤ ከቧንቧ ሞላሁት። መስታወት እንጂ ውሃ ያለበት አይመስልም ነበር። በአራት ቀን ሁሉም አለቁ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ሳሙና በጭራሽ አይነካም። ዋናው ጥፋት ግን የስፖንጁ ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመደራጀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔ በአንድ ከሰዓት አጥቤ ደፋኋቸው። አሞኒያ ደግሞ በሞቃትና አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ ውሃ መርዝነቱ ይብሳል።

ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሩቡን ብቻ ቀይሩ። አዲሱን ውሃ በሳፋ ወይም በባልዲ ክፍት አድርጋችሁ 24 ሰዓት አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይተናል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ በቃ። ከሮቶ የምትቀዱ ከሆነ በጠዋት ቅዱ። እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ለሻይ ምንም አይቀረውም።

ውሃው ደፈረሰ

ነጭ ከሆነ፣ ምግብ በዝቷል ወይም አኳሪየሙ አዲስ ነው። ምግብ ቀንሱ፣ ይጠራል። አረንጓዴ ከሆነ ፀሐይ ነው። ቦታውን ቀይሩ፣ መብራቱንም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አታብሩ።

ክንፉና ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል

ይህ ግን የምር በሽታ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ ይባላል፣ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ብዙ ጊዜ ከአዲስ ዓሣ ጋር ይገባል። ለአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ጨው አስሉ፤ በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ፣ አሟምታችሁ ጨምሩ። ሊትሩን ለማወቅ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ። ነጠብጣቡ ሲጠፋ አትዘናጉ። ተሕዋሱ ወደ ጠጠሩ ወርዶ ተባዝቶ ይመለሳል። ለሁለት ሳምንት ቀጥሉ። ውሃ ስትቀይሩ፣ ባወጣችሁት ልክ ጨው መልሱ። ተክል ካላችሁ ቀድማችሁ አውጡት።

መስታወቱ ነጭ ቅርፊት አወጣ

ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነጭ ነገር ነው። ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ ከውሃው በላይ ያለውን ብቻ ጥረጉ። ውሃ ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ውሃ መቀየር አይደለም።

ሁሉም በአንድ ሌሊት አለቁ

ማታ የትንኝ መድኃኒት ነፍታችሁ ነበር? ለሰው ቀላል የሚመስለው ፍሊት ለዓሣ ከባድ መርዝ ነው፤ የአየር ፓምፑም የክፍሉን አየር እየሳበ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። የግድ ከሆነ አኳሪየሙን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ አታብሩት።

ዓሦቹ በዙብኝ

ጎረቤቴ ጎልድፊሾቹን ሐረር ላለች እህቱ ሰጥቶ ጉፒ ገዛ። ጉፒ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ አንዴ ከወንድ ጋር ከተገናኘች ለወራት ያለ ወንድ መውለድ ትችላለች። ወንድና ሴቱን ገና በልጅነታቸው ካልለያችሁ መፍትሄ የለውም። እሱ አልለየም። አሁን በሬን የሚደበድበው የማርማላታ ጠርሙስ ይዞ ነው፤ ውስጡ ሃያ ጫጩት ይርመሰመሳል።