ተሳቢ ቤት ለጡረታ ዘመን፦ መጀመሪያ ሚዛኑ

ተሳቢ ቤት (ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚጓዙበትና የሚያድሩበት ቤት) ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን፣ ማብሰያውንና መታጠቢያ ክፍሉን ነው። ሻጩም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። መታየት ያለበት ግን በቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የክብደት ሰሌዳና የመኪናዎ መመሪያ ነው። መኪናው የማይችለውን ቤት የገዛ ሰው ወይ ሌላ መኪና ይገዛል፣ ወይ ቤቱን በኪሳራ ይሸጣል። በጡረታ ገቢ ለሚኖር ሰው ሁለቱም ከባድ ናቸው።

ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው?

«ይህ መኪና 3000 ኪሎ ይጎትታል» ሲባል ውሸት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ግን የመጎተት አቅሙ ሳይሆን መኪናው በራሱ ላይ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ነው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ቋሚው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ተሳፋሪው፣ ሻንጣው፣ የመጎተቻው ብረት፣ እንዲሁም የተሳቢው አንገት (ከመኪናው ጋር የሚጋጠመው የፊት ክፍሉ) የሚጥለው ሸክም ሁሉ ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

በቁጥር እንየው። ባዶውን 2000 ኪሎ የሚመዝን ቤት ይኑር። 120 ሊትር ውሃ 120 ኪሎ ነው። ሁለት ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር 35 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪ 25 ኪሎ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ዕቃና ወንበር ተደምሮ 300 ኪሎ። በድምሩ 2480 ኪሎ ሆነ። ከዚህ 12 በመቶው አንገቱ ላይ ቢያርፍ 300 ኪሎ ያህል ነው። መኪናው 550 ኪሎ የሚሸከም ከሆነ 300 ለአንገቱ፣ 150 ለባልና ሚስት፣ 40 ለመጎተቻው ብረት ሄዶ የሚተርፈው 60 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ የልጅ ልጅና የመሣሪያ ሳጥን ሲጨመር እሱም ያልቃል። የመጎተት አቅሙ ግን በወረቀት ላይ ገና 500 ኪሎ ይቀረዋል።

ስለዚህ ቤቶችን ሲያወዳድሩ በባዶ ክብደታቸው አያወዳድሩ፤ ፋብሪካው ከነጭነቱ የፈቀደውን ከፍተኛ ክብደት ይያዙ። በአንገቱ ላይ የሚያርፈው ድርሻ በሰሜን አሜሪካ ለሚሠሩ ተሳቢዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በአውሮፓ ለሚሠሩት ቀለል ያሉ ካራቫኖች ከ5 እስከ 7 በመቶ ይበቃል፤ እዚያ ብዙ መኪናዎች በመጎተቻቸው ላይ የሚፈቅዱት ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አደጋ አለው፤ የራስዎ መኪናና የራስዎ ተሳቢ መመሪያ የሚለውን ይከተሉ። መንጃ ፈቃድዎ ለዚያ ክብደት እንደሚበቃም አብረው ያረጋግጡ፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በተራው የ«ቢ» ፈቃድ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ሲጎተት መኪናውና ተሳቢው በድምሩ ከ3500 ኪሎ መብለጥ የለባቸውም።

ከገዙ በኋላ ግምት ይቅርና ያስመዝኑ። የጉዞውን ዕቃ በሙሉ ጭነው፣ የሚሳፈረው ሰው ተሳፍሮ ወደ ከባድ መኪና ሚዛን ይሂዱ። ሦስት ጊዜ ይመዘናል። መጀመሪያ መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ፤ ቀጥሎ ተሳቢው እንደተያያዘ የመኪናው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው (ክብደት ማከፋፈያ ዘንግ፣ ማለትም የአንገቱን ሸክም ወደ ሌሎቹ ጎማዎች የሚያካፍል ብረት፣ ካለ ለዚህኛው ይፈታል)፤ በመጨረሻ መኪናው ብቻውን። ከመጀመሪያው ላይ የመጨረሻው ሲቀነስ የተሳቢው ክብደት ይገኛል። ከሁለተኛው ላይ የመጨረሻው ሲቀነስ ደግሞ የአንገቱ ሸክም።

ሸክሙ ካነሰ ከባድ ዕቃን ወደ ፊት ያምጡ፤ ከበዛ ወደ ጎማዎቹ ትይዩ ይመልሱ። ኋላ ጫፍ ላይ ግን ምንም ከባድ ነገር አይጫን። በኋላ መከላከያው ላይ የተሰቀሉ ሁለት ብስክሌቶች ክብደታቸው ትንሽ ቢመስልም ከጎማው ስለሚርቁ አንገቱን ወደ ላይ ያነሱታል፤ አንገቱ የቀለለ ተሳቢ ደግሞ ጅራቱን ግራ ቀኝ መምታት ይጀምራል።

ማጋጠም

ማጋጠም ጉልበት የሚጠይቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በቅደም ተከተል ከሠሩት ግን የሚከብደውን ሁሉ የአንገቱ ክሪክ ይሠራዋል። በሞተር የሚሠራ ክሪክ ማስገጠም ለወገብዎ ከሚያደርጉት ወጪ ሁሉ የሚያዋጣው ነው።

1. ከተሳቢው ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ያስገቡ። ይህ ሳይደረግ ሌላ ነገር አይነካም።
2. የመኪናው መጎተቻ ላይ ያለውን ኳስ መጠን ኳሱን ከሚጎርሰው የአንገቱ መያዣ ጋር ያመሳክሩ፤ በሁለቱም ላይ ተቀርጿል። 58.7 ሚሊሜትር የሚወስድ መያዣ 50.8 ሚሊሜትር ኳስ ላይ ሲቀመጥ የተቆለፈ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል።
3. አንገቱን ኳሱ ላይ አሳርፈው ይቆልፉ፤ ፒኑንም ያስገቡ። አሁን በክሪኩ አንገቱን መልሰው ወደ ላይ ያንሱት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ በትክክል ተቆልፏል። ከተላቀቀ አልተቆለፈም ማለት ነው።
4. ክብደት ማከፋፈያ ዘንግ ካለው እንደተነሳ ይሰኩት። ዘንጉ የሚከብደው አንገቱ ዝቅ ብሎ ሳለ በማንሻ ለመጠምዘዝ ሲሞከር ነው። ከፍ ብሎ ሳለ በአንድ እጅ ይገባል።
5. ሰንሰለቶቹን ከአንገቱ ሥር አጣምረው ያያይዙ፤ አንገቱ ቢላቀቅ መሬት ሳይነካ እነሱ ላይ ያርፋል። ሲጠመዝዙ መኪናውን እንዳይዙት መጠነኛ ርዝመት ይተዉላቸው።
6. የድንገተኛ ፍሬን ገመዱን (ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስበውን) በሰንሰለቱ ላይ ወይም በሚነቀለው የኳስ ብረት ላይ አያያይዙ፤ ከመኪናው ጋር የተበየደ ቦታ ላይ ያያይዙት። ብረቱ ተነቅሎ ቢሄድ ገመዱ አብሮ ከሄደ ፍሬኑን የሚስበው የለም።
7. የመብራቱን ሶኬት ሰክተው ፍሬቻ፣ የፍሬንና የኋላ መብራት ያስፈትሹ። ክሪኩን እስከ ላይ ያንሱ፤ ታኮዎቹን ያውጡ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጥቂት ራቅ ብለው ከጎን ይዩት። ተሳቢው ሜዳ ላይ እንደ ውሃ ልክ ቀጥ ያለ ወይም ፊቱ በጥቂቱ ያጎነበሰ መሆን አለበት። ፊቱ ወደ ላይ ካየ የኳሱን ብረት ዝቅ ያድርጉ።

በሚያጋጥሙበት ሰዓት ማንም አያናግርዎት። የሚረሳው ነገር ሁልጊዜ ወሬ ያቋረጠው ነው።

መንገድ ላይ

የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከመነሳቱ በፊት መቆጣጠሪያው ይስተካከላል። ደረቅ ሜዳ ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይያዙ። የተሳቢው ጎማ ተቆልፎ ከተንሸራተተ ኃይሉን ይቀንሱ፤ ብዙም ካልያዘ ይጨምሩ። ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው ያለው ልክ ትክክለኛው ነው። ጭነቱ በጣም ከተለወጠ እንደገና ይስተካከላል።

ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ የ5 ሰከንድ ርቀት ይጠብቁ። ኩርባ ላይ የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጎማ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ ከወትሮው ዘግይተው ይጠምዝዙ። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ መሃል ላይ ከደረሱ በኋላ የጋለውን ፍሬን ማርሽ አያድነውም።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ እግር በደመ ነፍስ ወደ ፍሬን ይሄዳል። አይርገጡት፤ መኪናው ሲያዝ ከኋላ ያለው ክብደት ገፍቶ ያጥፈዋል። መሪውን ግራ ቀኝ እያሉ ለማረምም አይሞክሩ። ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብለው ያንሱ፣ የእጅ ማንሻ ካለ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይያዙ፤ ወደ ኋላ ሲጎትት ይቃናል። ነዳጅ ጨምሮ ማውጣት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው፤ የሚያባብሰው ራሱ ፍጥነት ነው። ከረጋ በኋላ ቆመው ምክንያቱን ይፈልጉ፦ የጎማ አየር፣ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ዕቃ፣ ውሃው የጎደለ የፊት ታንከር። በፍትጊያ የሚሠራ የመወዛወዝ መከላከያ ብረት ይረዳል፣ ግን በስህተት የተጫነን ቤት አያስተካክልም።

የተሳቢ ጎማ ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ያልቃል። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሆነው አዲስ ቢመስልም ይቀይሩት። አየሩን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ፤ የጎደለው አየር ጎኑን እያተጣጠፈ ያግለዋል፣ የሚፈነዳውም በዚህ ነው። ጎማው የሚፈቅደውን ፍጥነትም ያንብቡ፤ አንዳንድ የተሳቢ ጎማዎች በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም።

ጎማ በተፈታ ቁጥር ዳዶዎቹ ፋብሪካው በሰጠው ልክ፣ በሚለካ ቁልፍና በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጠበቁ፤ ከ15፣ ከ40 እና ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይፈተሹ። ኩሽኔታው በዓመት አንዴ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ግራሶም ይቀየርለታል። ነዳጅ ለመቅዳት በቆሙ ቁጥር እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሃል ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው፣ ወይ የፍሬን ሸራው ታምቡሩ ላይ ተጣብቋል።

ወደ ኋላ መግባት የሚለመደው ባዶ ሜዳ ላይ አራት የውሃ ጀሪካን ተክሎ ነው። እጅዎን የመሪው ታችኛ ክፍል ላይ ያድርጉ፤ እጅዎ ወደሄደበት የተሳቢው ጅራት ይሄዳል። ትንሽ ትንሽ ብቻ ያዙሩ፣ ከተጣመመ ወደ ፊት ወጥተው ያቃኑት። ቦታ መምረጥ ከቻሉ በሾፌሩ መስኮት በኩል የሚታየውን ጎን ይምረጡ። ከኋላ ሆኖ የሚመራዎት ሰው ከስፖኪዮ ከጠፋ ወዲያውኑ ይቁሙ።

በቀን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ሳይጨልም መድረስም ግዴታ ይሁን። በማያውቁት ቦታ በጨለማ ወደ ኋላ መግባት ለወጣት ዓይንም አይመችም። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ሁለት ሆነው ከተጓዙ ሁለቱም ማጋጠም፣ መንዳትና ማቆም ይልመዱ፤ አንዱ መንገድ ላይ ቢታመም ሌላው ቤቱን ይዞ መመለስ አለበት።

ከደረሱ በኋላ

መኪናው ሳይፈታ ግራና ቀኙን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ ዝቅ ያለው ጎማ ጣውላ ላይ ይወጣል። ከዚያ ታኮ፣ ከዚያ መፍታት፣ ከዚያ ፊትና ኋላውን በክሪኩ ማስተካከል፣ በመጨረሻ የማዕዘን እግሮቹን ማውረድ። እግሮቹ እንዳይነቃነቅ ይደግፋሉ እንጂ ቤቱን አያነሱም፤ ሊያነሱባቸው ከሞከሩ ሻንሲው ይጣመምና በሩ አልዘጋ ይላል። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ያጋደለ ቤት ውስጥ ብዙ ከሠራ ይበላሻል፤ መድኃኒት በፍሪጅ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመብራት መስመሩ 16 አምፔር በ230 ቮልት ከሆነ ያለዎት 3680 ዋት ነው። 2000 ዋት የሚበላ የውሃ ማፍያና 2000 ዋት ማሞቂያ አብረው አይሄዱም። በቀጭን ማራዘሚያ አይጠቀሙ፤ የተጠቀለለ ገመድም ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 100 አምፔር ሰዓት የተባለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሰጥዎ 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። የእንቅልፍ መተንፈሻ መሣሪያ 30 ዋት ቢወስድ ለ8 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ማርጠቢያው ከበራ ግን ፍጆታው በጣም ይጨምራል።

የውሃ ታንከሩን ከረጅም ማረፍ በኋላ በበረኪና ያጽዱ፦ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶው፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 1 ሚሊሊትር። በቧንቧዎቹ ሁሉ እስኪሸት ያስኪዱት፣ 4 ሰዓት ይተዉት፣ አፍስሰው ያለቅልቁ። የውሃ ማሞቂያው ባዶ ሳለ በፍጹም አይብራ፤ ማሞቂያ ሽቦው ወዲያው ይቃጠላል።

የሽንት ቤቱን ታንከር ማፍሰሻ ክፍት አድርጎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይከመራል፣ ከዚያ ማውጣት ጭንቅ ነው። ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዝግ ይሁን። ሲደፉ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥባል። ጓንት ይልበሱ፤ ለመጠጥ ውሃ የሚጠቀሙበትን ጎማ ከዚህ ሥራ ጋር በአንድ ሳጥን አያስቀምጡ።

የጋዝ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ ሲነዱ ሲሊንደሩ ይዘጋ። ፕሮፔን የተባለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የጋዝ መፍሰስ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ ይተከላል። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ሁለቱም የአገልግሎት ዘመን አላቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ቀን ይዩ።

ቤቱን የሚገድለው ውሃ

ሞተር የሌለው ቤት የሚያረጀው በጣሪያው በኩል ነው። በየ3 ወሩ የጣሪያ መስኮቶችና የአየር መውጫዎች ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ይታይ፤ የተሰነጠቀው ለጣሪያው ዓይነት በተሠራ ማሸጊያ ይደፈን። ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይዝበትም። መሰላል መውጣት ካስቸገረዎ ለባለሙያ ይክፈሉ፤ ከጣሪያ መውደቅ ከማንኛውም ጥገና ይበልጣል። ከውስጥ ሆነው ግን የግድግዳውን ማዕዘኖች በመዳፍዎ ይጫኑ። የላላና የሚሰረጉድ ከሆነ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል። ያገለገለ ቤት ሲገዙም ይህንኑ ያድርጉ፤ ሽቶ የተረጨበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ።