የታጠፈ የብረት ፓራውልት፦ ተቃንቶ ተቀብቶ ለምን መልሶ ያብጣል?

ይሄ የብረት ፓራውልት (የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያ) ላላቸው አሮጌ ሚኒባሶች ነው። የፕላስቲኩ ሥራ ሌላ ነው። አፈታቱን፣ አስተጣጠቡንና የዛገ ብሎን ማላላቱን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ልለፈው።

ተቃንቶ ሲገጠም በአንድ ጎን ዝቅ ይላል

ጥፋቱ የመያዣው ብረት ወይም የቴላዮው (መኪናውን የሚሸከመው ዋናው ብረት) ጫፍ ነው። መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ግራና ቀኙን በሜትር ለኩ። የብሎን ቀዳዳ እያሰፉ በግድ ማስገባት ጥገና አይደለም።

አንዱን ሲያቃኑት ከጎኑ ሌላ ይታጠፋል

ብረት በግጭት የታጠፈበት ቦታ ላይ ይጠነክራል። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ስትገፉት ያ ቦታ አይነቃነቅም፤ ከጎኑ ያለው ለስላሳ ብረት ግን እሺ ብሎ ይታጠፋል። ስለዚህ በመጨረሻ የታጠፈውን መጀመሪያ አቃኑ። ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ እጥፋቶች አውጡና ዋናውን በስተመጨረሻ ያዙት። ክሪኩን በእንጨት ታኮ አስደግፋችሁ ግፉ። ግፊቱን ሳትለቁ ዙሪያውን በቀስታ ምቱ። ብረት ትንሽ ስለሚመለስ ከልኩ ጥቂት አሳልፉት። እምቢ ካለ በእሳት አሙቁት፤ ግን ከመኪናው ላይ ተፈትቶ ብቻ! ነዳጅ ቱቦና ሽቦ አጠገብ እሳት የሚለኩስ ሰው አይቼ ደንግጫለሁ።

አንድ ሾፌር ደግሞ ደሴ ውስጥ ፓራውልቱን በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር አስሮ መኪናውን ወደኋላ ነዳው። ፓራውልቱ በመጠኑ ቀና አለ። የቴላዮው ጫፍ ግን አብሮ ተስቦ መጣ። ያንን ለማቃናት ያወጣው ገንዘብ ሌላ ፓራውልት ይገዛለት ነበር። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ ነበር። በመሃላቸው ያለውን የሐረጎ ዳገት በዝናብና በጭቃ ሲወጣ ሲወርድ ከርሞ መጣ። ቀለሙ ከላይ ያብረቀርቃል፤ ጥጉ ላይ ግን የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች አሉ። አንዱን በመፋቂያ ጫር ሳደርገው ስቱኮው (ጎድጓዳው የሚሞላበት ልጥፍ) እንዳለ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ውፍረቱ አንድ ጣት ይሞላል። ጀርባው ርጥብ ነው፤ ብረቱም ቡናማ ዝገት ለብሷል። የመዶሻ ምልክት የለበትም። ባትላሜራው (የመኪና አካል ቀጥቃጩ) ሳያቃና ሞልቶት ነው! ባለቤቱ ሲጠይቀው «አብሽር፣ ስቱኮው ይሸፍነዋል» ብሎት ነበር።

ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ስቱኮን በውሃ እየነከሩ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ዝገትን በገዛ እጅ መቅበር ነው። በደረቁ ፈግፍጉ፤ በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ በ180 አድርጋችሁ በ320 ጨርሱ። ውሃ የሚፈቀደው ፕራይመሩ (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ከደረቀ በኋላ ነው። የስቱኮው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ብረቱ ገና አልተቃናም፤ ወደ መዶሻው ተመለሱ።

ስቱኮው እንዲደርቅ የሚቀላቀልበት ማጠንከሪያም ልክ አለው፤ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ገደማ። ደሴ ስለሚበርድ ቶሎ ይድረቅ ብለው የሚያበዙ አሉ። ትርፉ ኋላ ቀለሙን ሰርስሮ የሚወጣ እድፍ ነው። ቢዘገይም ጠብቁት።

ያበጠውን ለመጠገን አቋራጭ የለም። እብጠቱን ብቻ ፍቆ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ስቱኮውን በሙሉ አንሱ፣ ብረቱ እስኪነጣ ፋቁ፣ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ፕራይመር ቀቡ። የፓራውልቱን ጀርባም ቀቡ! ጭቃው የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጀርባው አይታይም ብሎ የሚተወው ባለሙያ ብዛት ያናድደኛል።

ቀለሙ ወተት መስሎ ይደበዝዛል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጭጋግ ከቀባችሁ ቲነሩ (ቀለም ማቅጠኛው) ሲተን ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበትም ያርፍበታል። ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ፣ ቀትር ላይ ቀቡ። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ተጠቀሙ። የኮምፕሬሰሩንም ውሃ አስቀድማችሁ አፍስሱ። ኮምቦልቻ ሲሞቅ ደግሞ ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳይደርስ ይደርቅና ይሻክራል፤ እዚያ ጠዋት ይሻላል።

ቀለሙ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል

ብረቱ ላይ የቀረ ቅባት ነው። ናፍጣም ቅባት ይተዋልና በናፍጣ ወልውላችሁ አታምጡ።

ክሮም ላይ የተቀባው እንደ ቆዳ ይገፈፋል

ክሮም (የሚያብረቀርቀው ልባስ) ላዩ ልሙጥ ስለሆነ ቀለም አይዝም። የላላውን አንሱ፣ የቀረውን በ180 አሻክሩ፣ ኤፖክሲ ፕራይመር ይቅደም። የክሮም ብናኝ መርዝ ነው፤ በግራይንደር አታብንኑት። በማጠንከሪያ የሚበጠበጥ ቀለም ስትረጩም ተራ የአፍ መሸፈኛ አይበቃም፤ ንጹህ አየር በቱቦ የሚያስገባ ማስክ አድርጉ።

ከመግጠማችሁ በፊት ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እዩ። ስቱኮ ወይም ቀለም ደፍኗቸው ከሆነ ክፈቷቸው፤ ጠርዛቸውንም ፕራይመር አስነኩት።